ሠሪዋ የማትታወቅ ሸክላ አለችን? ከያናጊ ሶኤትሱ ጋር በጀበና ላይ የሚደረግ ሙግት

የጃፓን ሸክላ ውበት በተነሣ ቁጥር ጃፓናዊው አሳቢ ያናጊ ሶኤትሱ (1889–1961፤ ዘመኖቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ይጠቀሳል። በ1925 ከሸክላ ሠሪዎቹ ከሃማዳ ሾጂና ከካዋይ ካንጂሮ ጋር «ሚንጌ» የተባለውን የሕዝብ ዕደ ጥበብ እንቅስቃሴ ጀመረ፤ በ1936 በቶኪዮ የእንቅስቃሴውን ሙዚየም ከፈተ። እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ በርናርድ ሊች በ1972 በእንግሊዝኛ አዘጋጅቶ ያወጣለት መጽሐፍ ደግሞ አስተሳሰቡን ለዓለም አዳረሰ። ያናጊ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ እውነተኛ ውበት ለዕለት ተግባር በተሠራ ተራ ዕቃ ላይ ይገኛል። ሁለተኛ፣ ያ ዕቃ ከማይታወቅ ሰው እጅ፣ ያለ ስምና ያለ «እኔ» ባይነት የወጣ ነው።

በመጀመሪያው ሙግት የለኝም። በእኛ አገር፣ በጅማ ዞን ካለው ደዶ እስከ ጅማ ከተማ ድረስ ቡና የሚፈላበት ጀበና ያለ መሽከርከሪያ በእጅ ተሠርቶ፣ በሜዳ እሳት የተተኮሰ ነው፤ ፈሳሽ ይመጥጣል፤ ሳይሟሽ ለእንግዳ አይቀርብም። በጃፓን የሃጊ ሸክላም ሻይ እየጠጣ መልኩን ይለውጣል፤ ወዳጆቹ የሚሹትም ይህንኑ ነው። ጆን አርተር በ2006 ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ የጋሞ ሸክላ ባሳተመው ጥናት የጠላ ፍላት የእንስራውን ውስጠኛ ግድግዳ እንዴት እንደሚበላ አሳይቷል።

ሙግቱ ሁለተኛው ላይ ነው። ያናጊ በ1931 በኪዮቶ ያየው፣ የውበት ሁሉ ምሳሌ ያደረገው የሻይ ጽዋ «ኪዛኤሞን» ይባላል። ጽዋው ኮርያ ውስጥ የተሠራ ነው። ኪዛኤሞን ግን ጽዋው በእጁ የገባ የኦሳካ ነጋዴ ነው። የባለቤቱ ስም ተጠብቆ የሠሪው ስም ከጠፋ፣ ስም አልባነቱ ከሸክላ ሠሪው መንደር የመጣ ነው ሊባል እንዴት ይቻላል? ስሙ የጠፋው ዕቃው ከገበያው ወጥቶ ከሰብሳቢ እጅ ሲገባ ነው። ሃማዳ ራሱ በሸክላው ላይ ስሙን አይጽፍም ነበር፤ ሆኖም በ1955 የጃፓን መንግሥት ሕያው ብሔራዊ ቅርስ ብሎ ሰይሞታል። ፊርማ አለመኖር ሌላ፣ አለመታወቅ ሌላ ነው።

በእኛ አገር ሠሪዋ ራሷ ጀበናዋን ተሸክማ ገበያ ትወጣለች። ገዢዋ አንሥታ በጣቷ ትቆረቁራለች፣ ድምፁን ታዳምጣለች፣ አንገቱን ትፈትሻለች፤ ቤት ገብቶ ቢያፈስ ወቀሳው ለማን እንደሚደርስ ታውቃለች። ከደዶ በስተደቡብ፣ ከጎጀብ ወንዝ ማዶ ባለው ዳውሮ «ማና»፣ ከጅማ በስተምሥራቅ በየም ደግሞ «ፉጋ» የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎች ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ለዘመናት ተከልክለው ኖረዋል። ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት በ2003 ያሰባሰቡት ጥናት ይህን በሰፊው መዝግቧል። ማኅበረሰቡ ያገለላቸው ሳያውቃቸው ቀርቶ አይደለም፤ ቤታቸውን፣ ዘራቸውንና ሙያቸውን ለይቶ ስለሚያውቅ ነው። ያናጊ እንደ ቅድስና የሚያየው ስም አልባነት በእነዚህ ሴቶች ላይ ሲደረብ በደሉን መድገም ይሆናል።

የሚያሳዝነው፣ መልሱ ከጃፓን ራሷ መጥቶ ሳለ ችላ መባሉ ነው። ጃፓናዊቷ ተመራማሪ ሞሪዬ ካኔኮ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በአሪ ሴት ሸክላ ሠሪዎች መካከል ለዓመታት አጥንታ በ2011 በጃፓንኛ መጽሐፍ አሳትማለች። በጥናቷ እንደሚታየው ተጠቃሚዎች የሸክላውን መልካምነት ከሠሪዋ እጅ ጋር ያያይዙታል፤ ሠሪዎቹም ሙያውን በራሳቸው እንዳወቁት ይናገራሉ። ይህ ያለ «እኔ» ባይነት የሚወጣ ሥራ አይደለም። ስለ ሚንጌ የሚጽፉ ሰዎች ያናጊን በጠቀሱ ቁጥር ካኔኮንም ሊጠቅሱ ይገባ ነበር።

ያናጊ ስለ ትውፊት እንጂ ስለ ግለሰብ አልጻፈም የሚል ይኖራል። ትውፊት ግን ብቻውን ጭቃ አይረግጥም፤ ይህ ተቃውሞ ብዙ አያቆይም። አሪ ጅማ አይደለም የሚለው የተሻለ ነው፤ በጥንቃቄም እቀበለዋለሁ። ቢሆንም ሠሪዋ ራሷ በምትሸጥበት ገበያ ሁሉ ነገሩ የተለየ ሊሆን የሚችልበት ምክንያት አይታየኝም። ስለዚህ ከጅማና ከደዶ ጀበና ለሙዚየም የሚሰበስብ ሰው፣ ፈቃዷን ጠይቆ፣ የሠሪዋን ስም፣ ጭቃው የተቆፈረበትን ቦታና የተሸጠበትን ገበያ በዕቃው መዝገብ ላይ ያስፍር።