ፀሐይና የእናቶች ዐጥንት



ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በላስታ ደጋ ላይ በምትገኘው በላሊበላ፥ የክረምቱ ደመና ካለፈ በኋላ ፀሐይ አትታጣም። ይሁን እንጂ በዚህ አገር የወለደች ሴት፥ ምች እንዳይመታት ተብሎ፥ አራስነቷ እስኪያልፍ ድረስ ብዙ ጊዜ ከጓዳ አትወጣም፤ ሕፃኑም ብርሃን እንዳያየው ተሸፋፍኖ ይያዛል። ይህ ልማድ ከዐጥንት ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ጠያቂ ቢኖር፥ ታሪኩ የሚጀምረው ከላስታ እጅግ ርቆ ነው።

ስኒያዴትስኪ የተባለ የፖላንድ ሐኪም፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1822 ዓ.ም.፥ እግራቸው የሚንጋደድ የከተማ ልጆች ከገጠሮቹ ይልቅ መብዛታቸውን አይቶ፥ መድኀኒቱ ፀሐይ ነው ሲል ጻፈ፤ ሰሚ ግን አላገኘም። ሑልድሺንስኪ በበርሊን ልጆቹን በአልትራቫዮሌት መብራት ያዳናቸው በ1919 ዓ.ም. ነው። በ1922 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካዊው ማኮለም በዓሣ ጉበት ዘይት ውስጥ የሚገኘውን ነገር ለይቶ ቪታሚን ዲ አለው። ይህንኑ ቪታሚን ቆዳችን ፀሐይ ሲያገኝ ራሱ ያዘጋጀዋል፤ እርሱ ከጎደለ ግን ካልሲየም ከምግብ ወደ ደም በሚገባ አያልፍም፤ ዐጥንትም እየለሰለሰ ይሄዳል።

የዚህ ነገር ክፋት በግልጽ የታየው በቻይና ነበር። በፔኪንግ የሕክምና ኮሌጅ ያስተምር የነበረው የማኅፀን ሐኪም ማክስዌል፥ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ዓመታት የሻንሲን አውራጃ ሴቶች መረመረ። እግራቸው በልጅነት የታሰረ፥ ከቤት የማይወጡ፥ ምግባቸውም ካልሲየም ያነሰው ነበሩ። በእርግዝና ላይ እርግዝና ሲደራረብባቸው ዳሌያቸው እየጠበበ መውለድ የማይችሉ ሆኑ፤ በውጭ የሚሠሩት ወንዶች ግን በዚህ በሽታ እምብዛም አይያዙም ነበር። ማክስዌል ከማኅፀን ጀምሮ ዐጥንታቸው የለሰለሰ ሕፃናትንም አገኘ፤ እናቲቱ ያጣችውን ልጅዋ ከየት ያመጣል?

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በ1997 ዓ.ም. የወጣ አንድ የአዲስ አበባ ጥናት ይህንኑ ያሳያል። የሳምባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ሩ፥ ካልያዛቸው 500 ሕፃናት ግን 20ዎቹ ብቻ የዐጥንት መለስለስ ተገኘባቸው፤ የጎድን ዐጥንቱ የለሰለሰ ሕፃን አየር መሳብ ይቸግረዋልና። የ13 ወር ፀሐይ በሚባልለት አገር ይህ መሆኑ እጅግ ያስደንቃል።

ወደ ውጭ የወጡት ሴቶቻችንም ከዚህ አላመለጡም። በግንቦት 1991 ዓ.ም. ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በአይሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ከአራት ዓመት በኋላ የታተመ ጥናት፥ በዚያ በሰፈሩት ኢትዮጵያውያት ዘንድ የቪታሚን ዲ ጉድለት መብዛቱን፥ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜም መባሱን ገለጸ። ጠቆር ያለ ቆዳ ይህን ቪታሚን ለማዘጋጀት ከነጩ ይልቅ ረዘም ያለ ፀሐይ እንደሚፈልግ መዘንጋት የለበትም።

የላስታ እናት በጾም ወራት ወተት አትቀምስም፤ ጤፉና ጎመኑ ካልሲየም አላቸው፤ ያለ ፀሐይ ግን ጥቅማቸው ይጎድላል። የ40ና የ80 ቀን ሥርዐት አራሷን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳትገባ እንጂ በገዛ ደጃፏ እንዳትቀመጥ አይከለክላትም። ዛሬ በየጤና ጣቢያው ሕፃናት ጧት ጧት ፀሐይ እንዲሞቁ ለእናቶች ይነገራል፤ ስለ እናቲቱ ስለ ራሷ ዐጥንት ግን የሚናገር ጥቂት ነው።