የአዋሽ የባቡር ድልድይ

ወገኖቼ፣ ጀበል ገበያ ድረስ የሚመጣው የኡጋንዳ ዱቄት በናይል ድልድይ ያልፋል። ለተማሪዎቼ የድልድይን ነገር ሳስረዳ ግን የእኛኑ አዋሽን አነሳለሁ።

ስፋቱ 1 ሜትር የሆነው የጅቡቲ ሐዲድ የአዋሽን ገደል በብረት ድልድይ ተሻግሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በ1933 ዓ.ም. የሚሸሸው የጣሊያን ጦር ድልድዩን አፈረሰው፤ በኋላ እንደገና ተሠራ።

ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. ባቡሩ ፍጥነት ሳይቀንስ ኩርባው ላይ ደረሰ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኩርባ ላይ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ፤ ከ400 በላይ ወገን አለቀ።

በዚያ ቀን ዘመድ ያጣችሁ፣ ስማቸውን ከታች ጻፉልን። ልጆቻችን ቁጥሩን ብቻ ይዘው እንዳይቀሩ። ነፍስ ይማር።