የቀድሞ ጥፋትና የኮሌጅ ደጃፍ

ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1960 (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከአላባማ ስቴት ኮሌጅ የመጡ ጥቁር ተማሪዎች በሞንትጎመሪ ከተማ ወደሚገኘው የካውንቲው ፍርድ ቤት ሕንፃ ገብተው፣ በምድር ቤቱ ባለው ነጮች ብቻ በሚስተናገዱበት ምግብ ቤት ምግብ እንዲቀርብላቸው ጠየቁ። አናስተናግድም ተባሉ። የግዛቲቱ አገረ ገዥ ጆን ፓተርሰን የትምህርት ቦርዱም ሰብሳቢ ስለ ነበሩ፣ ነገሩ ተጣርቶ ተማሪዎቹ ስለሚባረሩበት ሁኔታ እንዲታሰብ ለኮሌጁ ፕሬዚዳንት ነገሩ። ሳምንት ሳይሞላ ቦርዱ ዘጠኙ ተማሪዎች እንዲባረሩ፣ ሌሎች ሃያ ደግሞ በማስጠንቀቂያ እንዲቆዩ ወሰነ። ከውሳኔው በፊት ክስ አልተነበበላቸውም፤ የመከላከያ ቃልም አልተጠየቁም።

ከተባረሩት አንዱ ሴንት ጆን ዲክሰን ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ቦርዱን ከሰሱ። በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተረቱ። ይሁንና ኦገስት 4 ቀን 1961 የአምስተኛው ክልል ፌዴራላዊ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ዳኛ ሪቻርድ ራይቭስ በጻፉት ፍርድ፣ የመንግሥት ኮሌጅ አንድን ተማሪ በጥፋት ምክንያት ሲያባርር አስቀድሞ ጥፋቱን ሊያስታውቀውና ቃሉን ሊሰማ ይገባል ሲል ወሰነ። ይህ ፍርድ በአሜሪካ የተማሪዎች መብት ታሪክ ውስጥ እንደ ማዕዘን ድንጋይ ይቆጠራል። ለቅበላ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በፍርዱ ውስጥ ጠቅለል ብሎ የተነገረው አንድ አሳብ ነው፤ ይኸውም ከአንድ የመንግሥት ኮሌጅ የተባረረን ተማሪ የዚያው ግዛት ሌላ ኮሌጅ ይቀበለዋል ተብሎ እንደማይታሰብና የመባረሩ ጠባሳ ወደየትም ቢሄድ እንደሚከተለው ዳኞቹ መገንዘባቸው ነው። እነርሱ ያሰቡት ሳይሰማ የተባረረውን ተማሪ ነበር። የአላባማ የትምህርት ባለሥልጣን የዘጠኙን መዝገብ የፋቀው በ2018 ሲሆን፣ በመካከሉ ኀምሳ ስምንት ዓመት አልፏል።

በዚያን ዘመን ያለፈ ጥፋት የሚከተለው በደብዳቤና በዝውውር ማስረጃ እንጂ ለሁሉም አመልካች በሚቀርብ አንድ ወጥ ጥያቄ አልነበረም። በ1975 አሥራ አምስት የግል ኮሌጆች ለአመልካች ድካም፣ ለኮሌጆቹም ሥራ ማቃለያ ብለው የጋራ ማመልከቻ አዘጋጁ። ማመልከቻው እየሰፋ ሄዶ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ኮሌጆች የሚገለገሉበት ሆነ፤ በ2006 ደግሞ ሁለት ጥያቄዎች ተጨመሩበት። አንደኛው አመልካቹ በትምህርት ቤት የዲሲፕሊን ቅጣት ደርሶበት እንደሆነ፣ ሁለተኛው በወንጀል ጥፋተኛ ተብሎ እንደሆነ የሚጠይቁ ነበሩ። መልሱ በትንሽ ሣጥን ውስጥ የሚደረግ ምልክት ነው።

ጥያቄዎቹ ያለ ምክንያት አልመጡም። በ2004 በሰሜን ካሮላይና በዊልሚንግተን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ወጣት ሴቶች በጥቂት ሳምንታት ልዩነት በተማሪዎች እጅ ተገደሉ፤ ከገዳዮቹ አንዱ በማመልከቻው ላይ የቀድሞ ታሪኩን ደብቆ የገባ ሆኖ ተገኘ። ልጅን ያህል ነገር አደራ ብሎ ለኮሌጅ የሰጠ ወላጅ፣ አብሮት የሚያድረው ማን እንደሆነ ኮሌጁ ይወቅልኝ ቢል የሚነቀፍ አይደለም። የዘመኑም መንፈስ ወደ ማጥበቅ ያዘነበለ ነበር፤ በ1994 የወጣው የወንጀል ሕግ እስረኞች ፔል የተባለውን የፌዴራል የትምህርት ድጎማ እንዳያገኙ ከልክሏል፤ በ1998 የወጣውም በአደንዛዥ ዕፅ የተፈረደባቸውን ተማሪዎች የገንዘብ ርዳታ ነስቷል። ነገር ግን የዊልሚንግተኑ ሁኔታ ራሱ አንድ ነገር ያስገነዝባል፤ ሰውየው ተጠይቆ ነበር፤ የመለሰው ግን በሐሰት ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ አጥብቆ የሚይዘው እውነቱን የሚናገረውን ነው።

ጥያቄው በተግባር ምን እንዳደረገ በግልጽ የታየው በ2015 ነው። ሴንተር ፎር ኮሚዩኒቲ ኦልተርናቲቭስ የተባለው ድርጅት የኒው ዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲን የቅበላ መዝገብ መርምሮ፣ በከባድ ወንጀል መፈረዱን ከሚገልጹት 2,924 ዓመታዊ አመልካቾች መካከል 1,828ቱ ማመልከቻቸውን ሳይጨርሱ እንደሚቀሩ አሳወቀ። ይህ ከመቶ 62.5 መሆኑ ነው፤ ከቀሩት አመልካቾች መካከል ሳይጨርሱ የሚቀሩት ከመቶ 21 ብቻ ናቸው። የቅበላ ኮሚቴዎቹ በወንጀል ታሪኩ ምክንያት አንድ ሰው ሲመልሱ፣ አሥራ አምስት ሰዎች በራሳቸው ጊዜ ይመለሳሉ ማለት ነው። ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሣጥኗ ላይ ምልክት ያደረገ ሰው ከወህኒ ቤት ሹማምንት፣ ከአመክሮ ተቆጣጣሪዎች ደብዳቤ አምጣ፣ የወንጀሉን ዝርዝር በእጅህ ጻፍ ይባል ነበር። ቅጣቱን ጨርሶ የወጣ ሰው፣ ይጠብቀው የነበረውን ባለሥልጣን ደጅ እንደገና ይጠና ማለት ነው።

እንግዲህ ኮሌጆቹ እያንዳንዱን አመልካች በየራሱ እንመዝናለን ሲሉ ውሸት አልተናገሩም፤ ሚዛኑ ዘንድ የደረሰውን መዝነዋል። ያልደረሰውን ግን የመለሰው ማንም ዳኛ ወይም ኮሚቴ አይደለም። በ1961 ለተባራሪው ተማሪ ቃሉ እንዲሰማ ተፈርዶለት ሳለ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ አመልካቹ የሚሰማው ሳያገኝ የሚቀርበት መንገድ በወረቀት ላይ ተዘረጋ።

ሚዛኑ ዘንድ የደረሱትም ቢሆኑ ነገራቸው ቀላል አልነበረም። የሚሼል ጆንስ ታሪክ ለዚህ ይጠቀሳል። እኒህ ሴት የአራት ዓመት ልጃቸውን በመግደል ተፈርዶባቸው በኢንዲያና ከሃያ ዓመት በላይ ታሰሩ። በእስር ሳሉ የታሠሩበትን የሴቶች ወህኒ ቤት የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ታሪክ ከመዛግብት ቅጂ እያጠኑ ጻፉ፤ ሥራቸውም ከኢንዲያና የታሪክ ማኅበር ሽልማት አስገኘላቸው። በ2017 የሃርቫርድ የታሪክ ክፍል ለዶክትሬት ትምህርት መረጣቸው፤ የዩኒቨርሲቲው የበላይ አመራር ግን ምርጫውን ሻረ። የተቃወሙት መምህራን ጆንስ ወንጀላቸውን በማመልከቻው አቅልለው ገልጸዋል የሚል ጥርጣሬ ነበራቸው። ጥርጣሬው የሚናቅ አይደለም፤ የሞተው ሕፃን ነውና። ይሁን እንጂ ወንጀሉን የመዘነው ፍርድ ቤት ነበር፤ የታሪክ ክፍሉ የተጠየቀው ሴትዮዋ የታሪክ ሊቅ ይወጣቸዋል ወይ ተብሎ ነው። ሁለቱን ሚዛን ማደባለቅ ለሁለቱም አይበጅም። ጆንስ በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ጀመሩ።

ከዚህ በኋላ ለውጡ ፈጠነ። የኒው ዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ጥያቄውን ከማመልከቻው እንዲወጣ በ2016 ወስኖ፣ ከቅበላ በኋላ ለመኝታ ቤትና ለመሳሰለው ብቻ እንዲጠየቅ አደረገ። ሉዊዚያና በ2017 ለመንግሥት ኮሌጆች የሚሆን ሕግ በማውጣት ቀዳሚ ሆነች፤ ስለ አስገድዶ መድፈርና ስለ መሰል ወንጀሎች ግን መጠየቅን አልከለከለችም። ሜሪላንድና ዋሽንግተን በ2018 ተከተሉ። የጋራ ማመልከቻውም የወንጀሉን ጥያቄ ከ2019 ጀምሮ ከጋራው ክፍል አወጣ፤ አባል ኮሌጆች በየራሳቸው ገጽ መጠየቅ እንደሚችሉ ግን ፈቀደ። የዲሲፕሊኑ ጥያቄ ሁለት ዓመት ቆይቶ ወጣ፤ ምክንያቱም ጥቁር አመልካቾች የትምህርት ቤት ቅጣት እንደ ደረሰባቸው የሚያስታውቁት ከነጮቹ ከእጥፍ በላይ ሆኖ በመገኘቱ ነው። በዲሴምበር 2020 የወጣው ሕግ ደግሞ ለእስረኞች የተከለከለውን ድጎማ ከጁላይ 2023 ጀምሮ መለሰ።

ጥያቄው ዛሬም ጸንቶ የሚገኘው በሕግ ትምህርት ቤቶች ነው። የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጡት አካላት የአመልካቹን ጠባይ ስለሚመረምሩ፣ ትምህርት ቤቶቹም በመግቢያው ላይ ይጠይቃሉ፤ በዚያ የተደበቀ ነገር በፈቃዱ ጊዜ ከወንጀሉ የባሰ ጣጣ ያመጣል። ድዌይን ቤትስ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው መኪና በመሣሪያ ነጥቀው እንደ አዋቂ ተፈርዶባቸው ከስምንት ዓመት በላይ ታስረዋል። ከዚያም ገጣሚ ሆኑ፤ በ2016 ከዬል የሕግ ትምህርት ቤት ተመረቁ፤ የኮነቲከትንም የጥብቅና ፈተና አለፉ። መርማሪው ኮሚቴ ግን ፈቃዱን ወዲያው አልሰጣቸውም፤ ጠባያቸው ይጣራ አለ። በ2017 ቀርበው ተሰሙ፤ ፈቃዱንም አገኙ።