ሸምበቆው የያዘው መዝገብ

ሪያድ የኖራችሁ ዋዲ ሐኒፋን ታውቁታላችሁ። 120 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ጥንት በጎርፍ የሚርስ የቴምር ሸለቆ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የነዳጅ ገንዘብ ከተማዋን ሲያሰፋት ፍሳሿ ወደዚያው ወረደ። በረሃው ዓመቱን ሙሉ ውሃ አገኘ፤ ሸምበቆና ጢሻ በቀለበት።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የሰው ቆሻሻ ይበሰብሳል፤ ከፍሳሽ ጋር የሚመጡት እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች ግን አይበሰብሱም። ጭቃ ውስጥ ይከማቻሉ፤ ተክል ይስባቸዋል። ሸምበቆ አብዛኛውን ሥሩ ላይ ያስቀራል። ወደ ቅጠል የሚያሳልፉ ተክሎችም አሉ፤ ግመልና ፍየል የሚበሉት ደግሞ ቅጠሉን ነው።

ሸለቆው ታድሶ በ2010 የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቷል፤ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ግን ውሃው ስለጠራ የአፈሩ ታሪክ አይሰረዝም። ፍሳሽ በወረደበት ሁሉ፣ አረንጓዴ አየን ብለን መንጋ ከማሰማራታችን በፊት አፈሩና ቅጠሉ ይመርመር።