የ80 ማይሉ ብስክሌት

እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ። ነገሩን ያመጣው የራሴ ጉራ ነው፤ ብስክሌቱ ምንም አላጠፋም። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ እቤታችን ቡና ተፈልቶ፣ እንግዶች ክብ ሠርተው ተቀምጠው፣ አዲስ ስለገዛሁት የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሳወራ አፌ ቀደመኝና፣ "አንዴ ቻርጅ ካደረግሁት 80 ማይል ይወስደኛል" አልኩ። ከኪሴ ያወጣሁት ቁጥር አይደለም፤ ሻጩ የነገረኝ ነው፤ ካርቶኑም ላይ ታትሟል። ካርቶኑ ግን "እስከ 80 ማይል" ነው የሚለው። "እስከ" የምትለዋን ቃል ሳነባት ዘልያት ነው መሰለኝ።

ባለቤቴ ነርስ ናት። ያልተጻፈ ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል ብላ የምታምን ሰው ናት። ሁለተኛውን ስኒ እያቀረበች፣ "ታዲያ ለምን አይሞከርም? የጥቅምቱ ሰኞ በዓል ነው፤ ሁለታችንም ሥራ የለንም" አለች። እንግዶቹ አጨበጨቡ። እኔም ወንድ ነኝ፣ እሺ አልኩ።

መንገዱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ከቤታችን ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብትነዱ ፍሮንት ሮያል የምትባል ትንሽ ከተማ ትደርሳላችሁ። ስካይላይን ድራይቭ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ የብሉ ሪጅን ተራራ ጀርባ ይዞ ለ105 ማይል፣ በእኛ ልክ ለ169 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ አስፋልት ነው። በፈረንጆቹ 1931 ተጀመረ፤ እኔ የሄድኩበት ሰሜናዊው ክፍል በ1936 ተከፈተ። የመንገዱን ዳር የድንጋይ ካብ አብዛኛውን የካቡት በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ሥራ አጥተው መንግሥት የቀጠራቸው ወጣቶች ናቸው። ለፓርኩ ሲባል ወደ 500 የሚጠጉ ቤተሰቦች ከርስታቸው መነሳታቸውንም ልንገራችሁ፤ ጫካው ውስጥ ገባ ስትሉ የቤት መሠረትና የመቃብር ድንጋይ ታገኛላችሁ። ውብ አገር ስታዩ ማን ነበር የሚኖርበት ብላችሁ ጠይቁ፤ እኛ ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለንም።

ዕቅዴ ቀላል ነበር። ባለቤቴ በመኪና እየተከተለችኝ፣ ከፍሮንት ሮያል ተነስቼ 51ኛው ማይል ላይ ቢግ ሜዶውስ ምሳ እበላለሁ፣ ከዚያ ብስክሌቱን መኪናው ላይ ጭነን እንመለሳለን። ከ80 ላይ 51 ሲቀነስ 29 ማይል ይተርፈኛል። ቻርጀር ይዤ ልሂድ? ለምን ብዬ!

ደግሞ የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ ስንት ነው ብዬ ሳይ፣ 3,680 ጫማ። 1,122 ሜትር ማለት ነው። ከትከት ብዬ ሳቅሁ። እኔ ሽሮ ሜዳ ተወልጄ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ያለ አየር ስስብ ያደግሁ ሰው! የእነሱ ጣሪያ ከእኛ ወለል በታች ነው። እንጦጦን ያየ ሰው ለዚህ ጉብታ ይደነግጣል?

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ዝም ብላ ሰማችኝና አንድ ወፍራም ወረቀት አጥፋ አራት ዓምድ አሰመረችበት፤ ማይል፣ ሰዓት፣ ባትሪ፣ የታማሚው ሁኔታ። ታማሚው እኔ ነኝ።

ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሳን። በጥቅምት ቅጠል ሲቀላ የዋሽንግተን አካባቢ ሰው በሙሉ ወደዚያ ተራራ ይተማል፤ አርፍዶ የሄደ ሰው በሩ ላይ የመኪና ሰልፍ ይጠብቀዋል። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ብስክሌቱን አወረድኩ። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ይቺን ብርድ ልብ በሏት፤ ባትሪ ሲበርደው የያዘውን ሁሉ አይሰጥም። እኔ ደግሞ ሌሊቱን መኪናው ኋላ ላይ፣ ውጭ ሰቅዬ ነው ያመጣሁት። ባትሪውን ነቅሎ ከውስጥ ማስቀመጥ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር።

ስክሪኑ 100 ይላል። ፔዳሉን ረገጥኩ። ኤሌክትሪክ ብስክሌት ነድታችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ ስሜቱ እንዲህ ነው፤ ልጅ ሳላችሁ አባታችሁ ከኋላ ኮርቻውን ይዞ ሲገፋችሁ ታስታውሳላችሁ? እሱ ነው። ትረግጣላችሁ፣ የማይታይ እጅ ይገፋል። አምስት የእርዳታ ደረጃ አለው፤ እኔ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ አምስተኛው ላይ ሰቀልኩት። ከበሩ ጀምሮ ዳገት ነው፣ ፋታ የለውም፤ እኔ ግን እያፏጨሁ ወጣሁ። በተራ ብስክሌት ጎንበስ ብለው የሚያቃስቱ ሁለት ሽማግሌዎችን አልፌ እጄን አውለበለብኩላቸው። አሁን ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

4.6ኛው ማይል፣ ዲኪ ሪጅ። የጎብኚዎች ማዕከል አለ። ባለቤቴ መኪናዋን አቁማ፣ ፔርሙዝ ይዛ ቆማለች። "ስንት?" አለችኝ። ስክሪኑን አየሁ። 74።

"ተሳስቶ ነው" አልኩ።

"ሰባ አራት" ብላ ጻፈች። ሁኔታ በሚለው ዓምድ ደግሞ "ታማሚው አያምንም" የሚል ጨመረች።

እዚያው የድንጋዩ ካብ ላይ ቁጭ ብዬ በስልኬ ሒሳብ ሠራሁ፤ ቤት ሳለሁ መሥራት የነበረብኝን። ባትሪዬ 36 ቮልት፣ 14 አምፔር-ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 504 ዋት-ሰዓት። እንደ ነዳጅ ጋን አድርጋችሁ ውሰዱት፤ የጋኑ መጠን ይህ ነው። እኔ 80 ኪሎ፣ ብስክሌቱ 25፣ ሻንጣዬ ከነውሃውና ከነበሶው 5፤ ድምር 110 ኪሎ። ከበሩ እስከ ዲኪ ሪጅ ከፍታው 408 ሜትር ገደማ ይጨምራል። 110 ኪሎን 408 ሜትር ሽቅብ ማንሳት ብቻውን 122 ዋት-ሰዓት ይፈልጋል። የጎማውና የነፋሱ አለ፣ ሞተሩ በሙቀት የሚያባክነው አለ፤ እግሬ ያዋጣውን ቀንሱበት፣ እና ያው ከጋኑ ሩብ ያህሉ ሄዷል። ስክሪኑ አልተሳሳተም።

አሁን የሻጩን ቁጥር እንየው። 504ን ለ80 ስታካፍሉት ለአንድ ማይል 6.3 ዋት-ሰዓት ይደርሳል። እኔ በዚያች ዳገት ለአንድ ማይል 28 አቃጥያለሁ፤ ከአራት እጥፍ በላይ። ሰማንያውን ማይል ሊሄድ የሚችለው ቀጭን ሰው፣ ሜዳ ላይ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን፣ በዝቅተኛው እርዳታ፣ ጎማው ልክ ተነፍቶ ነው። እንዲህ ያለ ሰውና እንዲህ ያለ ቀን በአንድ ላይ መገናኘታቸውን እንጃ። ሽሮ ሜዳ መወለዴም ምንም አልጠቀመኝ። ባትሪው የሚከፍለው በሚወጣት እያንዳንዷ ሜትር ነው፤ መነሻችሁ ዜሮ ይሁን 2,400 ሜትር ዋጋው አንድ ነው።

ከዚያ ወዲያ እርዳታውን ሁለተኛው ላይ አወረድኩትና መርገጥ ጀመርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጉዞው ደስ ያለኝ ከዚህ በኋላ ነው። የመኪና ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ላይ የተገደበ ስለሆነ ማንም አይገፋችሁም። ከመንገዱ በስተቀኝ የኮንክሪት አጭር ድንጋይ ማይሉን ይቆጥርላችኋል። ሸለቆው ውስጥ ጭጋግ እንደ ወተት ተኝቶ፣ የሩቁ ተራራ ጫፍ ብቻ እንደ ደሴት ብቅ ብሏል። ቅጠሉ ግማሹ ብጫ፣ ግማሹ የበርበሬ ቀለም። አንዲት አጋዘን ከመንገዱ መሐል ቆማ አየችኝ፤ ሞተሩ ድምፅ የለውም፣ እኔም መቼም ከእሷ በላይ አልጮህኩም፤ ሦስት ሜትር ስቀርባት ነው ነጭ ጭራዋን አቁማ ዘላ የጠፋችው።

ቁልቁለቱ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ትምህርት አገኘሁ። በኤሌክትሪክ መኪና የለመደ ሰው ቁልቁለት ባትሪ ይሞላል ብሎ ያስባል። የእኔ ብስክሌት ግን፣ እንደ አብዛኞቹ፣ አይሞላም። ያ ሁሉ የወጣሁት ዳገት በፍሬኑ ሙቀት ሆኖ ይበናል። ሽቅብ የከፈላችሁትን ቁልቁል መልስ አትቀበሉም።

20.8ኛው ማይል፣ ሆግባክ፣ 3,385 ጫማ፤ ባትሪ 39። ኤልክዋሎ፣ 24.1ኛው ማይል፤ አሁንም 39፣ ምክንያቱም ቁልቁለት ነበር። እዚያ አርፌ በሶ በጠበጥኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስክሪኑን ሳየው 41 ሆኗል። እሰይ ብዬ ጮህኩ። ኋላ እንደተረዳሁት የእኔ ብስክሌት ስክሪን የሚያነበው ቮልቴጁን ነው፤ ባትሪው ዳገት ላይ ሲጨነቅ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሲያርፍ ትንሽ ያገግማል። አዲስ ጉልበት አልመጣም፤ ትንፋሽ ነው የሰበሰበው። ባለቤቴ ግን "ታማሚው ትንሽ ተሻለው" ብላ ጻፈች።

ቶርንተን ጋፕ፣ 31.5፤ ባትሪ 24። እዚያ መንገዱ ወደ 2,304 ጫማ ይወርዳል። ከዚያ እስከ ስካይላንድ በአሥር ማይል ውስጥ 420 ሜትር ገደማ መልሶ መውጣት አለ። ሒሳቡን አሁን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ዲኪ ሪጅ ሌላ አንድ ጊዜ፣ ያኔ ጉልበቴ ሙሉ ነበር፣ አሁን ጉልበቴ ከባትሪው አይሻልም።

"ጫነው በቃ፣ ሰውዬ" አለችኝ። "ቁጥሩን አግኝተናል።"

"ገና ሰማንያ አልሞላም" አልኳት። በዚህ ዓለም ላይ እንደ ወንድ እልህ ባትሪ የሚጨርስ ነገር የለም።

ጥቂት እንደሄድኩ የሜሪስ ሮክ ዋሻ መጣ፤ ሙሉ አለት ተፈልፍሎ የተሠራ፣ ወደ 200 ሜትር የሚጠጋ። የፊትና የኋላ መብራት አብርቼ ገባሁ፤ ከጣሪያው ውሃ ጠብ ይላል፣ ከኋላ የመኪና ድምፅ እንደ ነጎድጓድ ይመጣል። ከዋሻው ስወጣ ጭጋጉ ወደ ላይ ወጥቶ መንገዱን ይዞታል። እግሬ ዛለ። እጄ ሳላዘው ሄዶ እርዳታውን አምስተኛው ላይ ሰቀለው። 35ኛው ድንጋይ ላይ 6። ከዚያ 4። ከዚያ የማይታየው እጅ ኮርቻዬን ለቀቀ።

ድምፅ የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ብስክሌቱ በአንዴ 25 ኪሎ ብረት ሆነ። ፒናክልስ የሚባለው መናፈሻ ጋ ልደርስ ነበር፤ 36.7ኛው ማይል። ሞተሩ ሲቆም ባትሪው ለመብራቱ ትንሽ ኃይል ስለሚያስቀር የፊት መብራቴ ብቻ ጭጋጉን እያየ በርቷል። ከብስክሌቱ ወርጄ እየገፋሁ ሳለ ከኋላዬ ኮቴ የሌለው የሰንሰለት ድምፅ ሰማሁ። ጠዋት እጄን ያውለበለብኩላቸው ሁለቱ ሽማግሌዎች ናቸው። አንደኛው ሲያልፈኝ እጁን አነሳ። መሳለቁ አልነበረም፤ ሰላምታ ነው። የባሰ ያመመኝ ይሄ ነው።

ባለቤቴ ቀጥሎ ባለው መቆሚያ የመኪናዋን ኋላ ከፍታ ትጠብቀኛለች። ፍርፍሩን አወጣች፣ ቡናውን ቀዳች፣ አንድም ቃል አልተናገረችም። በልቼ ስጨርስ አምስት ማይል እንደቀረኝ ነገርኳት። የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ 41.7ኛው ማይል ላይ ነው፤ እዚያ ሰሌዳ አለ። ከወለላችን በታች ነው ብዬ ለሳቅሁበት ጣሪያ ሰላምታ ሳልሰጥ አልመለስም አልኩ። በቀላሉ ማርሽ እየረገጥኩ፣ ሲያቅተኝ እየገፋሁ፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ሰሌዳው ጋ ደረስኩ። ቢግ ሜዶውስን በመኪና መስኮት ነው ያየሁት።

እናንተም ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ማይል ተዉትና የባትሪውን ዋት-ሰዓት ጠይቁ። ከዚያ ራሳችሁንና ብስክሌቱን መዝናችሁ መንገዱ ስንት ሜትር እንደሚወጣ ካርታ ላይ እዩ። ብርድ ካለ ባትሪውን ቤት ውስጥ አሳድሩት። ቻርጀሩን ያዙ።

ወረቀቱ ዛሬ ፍሪጃችን በር ላይ ተለጥፏል፤ እንግዳ ሁሉ ያነበዋል። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፤ "ማይል 41.7፣ ሰዓት 9፣ ባትሪ 0፤ ታማሚው በእግሩ ደርሷል።"