ሜዳ፣ መንገድና ሰፈር፦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከክፍል ውጪ የተማሩት

በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመንፈቀ ዓመት መርሐ ግብር ውስጥ ከመማሪያ ክፍል ውጪ የሚመደቡ ሦስት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም ስፖርት፣ የጉብኝት ጉዞና የሰፈር ወይም የካምፕ ኑሮ ናቸው። ብዙ ሰው እነዚህን ከትምህርቱ የተረፈ ጊዜ ማሳለፊያ አድርጎ ይመለከታቸዋል። ይሁን እንጂ የአገራችንን የትምህርት ታሪክ ለሚመረምር ሰው ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ አይገኝም። ወጣቱ አገሩን በዓይኑ ያየው፣ ከገበሬው ጋር በአንድ ማዕድ የቀረበው፣ አንዳንድ ጊዜም ሕይወቱን እስከ መክፈል የደረሰው ከክፍል በወጣ ጊዜ ነው። ስለዚህ ተማሪውን ከክፍል የሚያወጣው ማን ነው? ወዴትስ ይወስደዋል? ሲመለስስ ምን ይዞ ይመለሳል? የሚሉት ጥያቄዎች የጨዋታ ጥያቄዎች አይደሉም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህን ታሪክ ከሰሜን ሸዋዋ ከተማ ከእነዋሪ ተነሥቶ መመልከት ነው።

እነዋሪ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በደነባ በኩል የሚያልፈው መንገድ ወደ እርሷ ያደርሳል። አገሩ ሜዳማ ደጋ ሲሆን ዳርቻው በድንገት እየተቆረጠ ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ ይወርዳል። አካባቢው በስንዴው፣ በጤፉ፣ በምስሩ፣ ይልቁንም በጅሩ ሰንጋ ስሙ የታወቀ ነው። አፈሩ ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር ሸክላማ አፈር ነው። ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። መሐንዲሶች ጠባዩን ከቤት መሠረትና ከመንገድ ሥራ ጋር ባለው ጣጣ ያውቁታል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ለሚማር ልጅ ግን የመጀመሪያው አስተማሪ የኳስ ሜዳው ነው። ትምህርት በሚከፈትበት በመስከረም ሜዳው ገና የክረምቱን ውሃ እንዳቆረ ነውና እግር ይይዛል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይጠነክራል። በበጋው ማብቂያ ደግሞ የኳሱን አቅጣጫ የሚያስትና ቁርጭምጭሚት የሚያዞር ስንጥቅ ይከፍታል። እንግዲህ በዋልካ አገር የስፖርቱን የጊዜ ሰሌዳ የሚያወጣው የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ብቻ ሳይሆን አፈሩም ጭምር ነው ማለት ይቻላል።

የአገሬው ጨዋታ ይህን የተረዳ ይመስላል። የገና ጨዋታ የሚደምቀው በታኅሣሥ መጨረሻ፣ አዝመራው ተሰብስቦ መሬቱ በጠነከረበት ወራት ነው። በዚሁ በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ በምትገኘው በጃቶ በ1924 ዓ.ም. የተወለደው አበበ ቢቂላም በልጅነቱ የገና ተጫዋች ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ ማራቶንን ሲያሸንፍ ዓለም በአድናቆት ተመልክቶታል። በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን ሥር የሠለጠነው በክብር ዘበኛ ወታደርነቱ እንጂ በተማሪነቱ አልነበረም። ይህም አንድ ነገር ያስገነዝባል፤ በዚያ ዘመን የአገሩ ጉልበትና የትምህርት ቤቱ ሜዳ ገና አልተገናኙም ነበር።

የትምህርት ቤት ስፖርትና የካምፕ ኑሮ በዘመናዊ መልኩ ወደ አገራችን የገባው ከውጭ ነው። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤደን ፓውል ወደ 20 የሚሆኑ ወንዶች ልጆችን ብራውንሲ በምትባል ደሴት ላይ በድንኳን አስፍሮ ያካሄደው ሙከራ የስካውት እንቅስቃሴ መነሻ ሆነ። ከልዩ ልዩ የኑሮ ደረጃ የመጡ ልጆች በአንድ ድንኳን አድረው፣ ምግባቸውን ራሳቸው አብስለው፣ መንገድ መፈለግንና ለሌላው መድረስን እንዲለማመዱ ማድረግ ዓላማው ነበር። ሐሳቡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ባሕር ተሻገረ። በ1917 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም ከጣልያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት የስካውት ክፍል ነበረው። እግር ኳስም በዚያው ትውልድ እጅ ሥር ሰደደ። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን የወጣቶች ሥራ ነበር። የተፈሪ መኮንን ተማሪ የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማም በዚሁ ቡድን ተጫውተው፣ በኋላ በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ባገኘች ጊዜ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ሆነው፣ ከዚያም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅተዋል። ከትምህርት ቤት ሜዳ የተነሣ አንድ ሰው እስከ አህጉር መድረክ ሊደርስ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ከነፃነት በኋላ በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ1938 ዓ.ም. ደግሞ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከፈቱ። ሁለቱም አዳሪ ትምህርት ቤቶች ስለነበሩ ከልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛት የመጡ ልጆች በአንድ መኝታ ቤት አድረው፣ በአንድ ገበታ በልተው፣ በአንድ ቡድን ተሰልፈው ይውሉ ነበር። በሌላ አነጋገር ዓመቱን ሙሉ በካምፕ ውስጥ እንደመኖር ነበር። የመንዝ ልጅ ከሐረር ልጅ ጋር የተዋወቀው በጂኦግራፊ መጽሐፍ ሳይሆን ኳስ በማቀበል ነው። ሆኖም ይህ ዕድል የጥቂቶች ነበር። በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ሲስፋፋ የተዘረጋው መማሪያ ክፍሉ እንጂ ከክፍል ውጪ ያለው ትምህርት አልነበረም። ሜዳው ከግጦሽ የተከለለ ባዶ መሬት፣ የጉብኝቱም ጉዞ መኪና በተገኘ ጊዜ ብቻ የሚታሰብ ነገር ሆኖ ቀረ።

ይህን ጉድለት በከፊል ያቃለሉት በ1955 የትምህርት ዘመን ሥራ የጀመሩት የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራንና በ1957 ዓ.ም. የተቋቋመው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነበሩ። በዚህ አገልግሎት መሠረት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በገጠርና በአውራጃ ከተሞች እንዲሠራ ይገደድ ነበር፤ የሚበዙትም የተመደቡት በመምህርነት ነው። ወጣቱ መምህር ከተማሪዎቹ በዕድሜ ብዙም የማይበልጥ በመሆኑ ጥቁር ሰሌዳውን ሲተው በሜዳው ላይ ያገኛቸው ነበር። አስተማሪው ግን ከተማሪው ያላነሰ ተማረ። በአዲስ አበባ ስለ ገበሬው ሲከራከር የኖረ ሰው የጭሰኛን ቤት በዓይኑ አየ። በየካቲት ወር 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጥተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከአገልግሎት የሚመለሱት ጓደኞቻቸው ለጥያቄው የዓይን ምስክርነት ጨመሩለት።

ይህ ሁሉ ግን ከዚህ በኋላ ለመጣው የመንደርደሪያ ያህል ነበር። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻን ሲያውጅ፣ ዩኒቨርሲቲውና የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ተዘግተው ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። ካምፕ የጥቂት አዳሪዎች ዕድል መሆኑ ቀርቶ የአንድ ትውልድ ግዴታ ሆነ። ዘማቹ ካኪ ለብሶ፣ በየጣቢያው በቡድን ሰፍሮ፣ ፊደል አስቆጠረ፣ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ሠራ። ማስተማሪያውም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛና በሶማልኛ ተዘጋጀ። ከዘመቻው መጀመር ሁለት ወር ተኩል ያህል ቆይቶ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት መሆኑ ሲታወጅ የዘማቹ ሥራ ጠባዩን ለወጠ። ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር የማይበልጥ መሬት እንዲደርስ፣ የገበሬ ማኅበራትም በ800 ሄክታር መሬት ላይ እንዲቋቋሙ የወሰነውን አዋጅ ለገበሬው የማስረዳቱና የማደራጀቱ ኃላፊነት በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ላይ በሚገኙ ልጆች ትከሻ ላይ ወደቀ።

ዘመቻውን ከግራም ከቀኝም አይቶ መመዘን ይገባል። በአንድ በኩል ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ተፈጽሟል፤ የከተማው ልጅ እርሻን አውቋል፤ የገበሬውም ልጅ ፊደል ለይቷል። በሌላ በኩል ግን ሰፈሩ የትምህርት ሰፈር መሆኑ ቀርቶ የፖለቲካ ግንባር ሆነ። ዘማቾቹ ለውጡ እንዲፈጥን ሲሹ፣ የአካባቢው ባለሥልጣንና ባለመሬት ሲቃወም፣ መንግሥትም በተማሪው ላይ እምነት ሲያጣ ግጭት ተከተለ። ሕይወታቸውን ያጡ ነበሩ፤ ጣቢያቸውን ጥለው የሄዱ ደግሞ ብዙዎች ነበሩ። ዘመቻው በ1968 ዓ.ም. ሲያበቃ የተመለሰው ወጣት የጠበቀው ሰላማዊ የመማሪያ ክፍል ሳይሆን ብዙ እኩዮቹን የበላው የቀይ ሽብር ዘመን ነው። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች እስከ ማስተማር ደርሶ ዓለም አቀፍ ሽልማት ያስገኘ ቢሆንም፣ እርሱም ቢሆን ወጣቱን ያሰማራው በትእዛዝ ነበር። የዚህ ታሪክ መራራ ትምህርት ይህ ነው፦ ተማሪው ከክፍል የሚወጣው መንግሥት ሲፈልገው ብቻ ከሆነ፣ መንግሥት ፊቱን ያዞረ ዕለት ሜዳውም፣ ጉዞውም፣ ሰፈሩም አብረው ይጠፋሉ።

ታዲያ ጸንቶ የሚቆየው የትኛው ነው? መልሱን ለማግኘት ወደ እነዋሪ መመለስ ይጠቅማል። የአካባቢው ገበሬ በዋልካው ላይ የሚያቁረውን የክረምት ውሃ የሚያሸንፈው አፈሩን በሰፋፊ መደብ እየከመረ በመካከሉ ቦይ በማውጣት ነው። ይህን መደብ በእጃቸው አፈር እየዛቁ የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ነበሩ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የከብት ሀብት ማእከልና የአገር ውስጥ ተቋማት የጥቁር አፈርን አጠቃቀም ለማሻሻል ሲነሡ እነዋሪ ከሙከራ ቦታዎቻቸው አንዷ ሆነች። ባለሙያዎቹ የገበሬውን ዘዴ መሠረት አድርገው፣ ማረሻውን በማሻሻል በበሬ የሚጎተት የመደብ ማውጫ መሣሪያ ሠሩ። መሣሪያው የፈለቀው ከሩቅ አገር ካታሎግ ሳይሆን ከእነዋሪ ማሳ ከታየው አሠራር ነው። ዕውቀቱ ቀድሞውኑ በተማሪው ቤተሰብ እጅ ላይ ነበር፤ የጎደለው እርሱን የትምህርት ጉዳይ አድርጎ የሚመለከት ዓይን ነው።

የጉብኝት ጉዞም እንዲሁ ሩቅ መሄድን አይጠይቅም። የጀማ ሸለቆ ለሞረትና ጅሩ ተማሪ ከደጁ ያለ የሥነ ምድር መጽሐፍ ነው፤ ከላይ የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ በታች የኖራ ድንጋይ በየተራ ተደርድረው ይታያሉ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የቆረቆሯት ደብረ ብርሃን፣ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው አንኮበር፣ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና ምኒልክ የታረቁባት ልቼ ሁሉም በዚሁ በሰሜን ሸዋ ናቸው። ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ በጣልያን ወረራ ዘመን የተቦረቦረውን የጣርማ በር ዋሻ ያየ ተማሪም ስለ መንገድ ሥራ፣ ስለ ወረራና ስለ ጉልበት ዋጋ በአንድ ቀን ሦስት ትምህርት ይማራል።

ያለንበት ጊዜ ግን ለዚህ አመቺ ሆኖ አልተገኘም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በመጀመሩ፣ ተፈታኙ ከቤቱ ወጥቶ፣ ከማያውቃቸው እኩዮቹ ጋር ለቀናት በአንድ መኝታ ቤት ማደር ይዟል። በመጀመሪያው ዙር 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከ100 ተፈታኞች 3 ያህል ብቻ መሆናቸው ይታወሳል። ለብዙ የገጠር ልጅ በሕይወቱ የመጀመሪያው ጉዞና የመጀመሪያው ካምፕ የፈተና ካምፕ ሆነ ማለት ነው። በዚያው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭትም በርካታ ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል። ክፍሉ ራሱ በተዘጋበት ስለ ሜዳ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ትምህርት ቤት በተከፈተ ዕለት ልጆችን ቀድሞ የሚሰበስባቸው ሜዳው መሆኑን ያየ ሰው እንዲህ አይልም።

በዚህ ረገድ የሙያ ማኅበራት ድርሻ ትንሽ አይደለም። በዋልካ አገር የኳስ ሜዳ ማበጀት ከባድ ምሥጢር የለውም፤ መካከሉን በጥቂቱ ከፍ አድርጎ ወደ ዳር ማዘንበል፣ ዙሪያውን ቦይ ማውጣት፣ ቦዩንም ውሃው ወደሚወጣበት ማድረስ ነው። የእነዋሪ እናቶችና ልጆች በስንዴ ማሳቸው ላይ የሠሩት ይኸው ነው። አንድ መሐንዲስ ይህን ሜዳ ከተማሪዎቹ ጋር ቀይሶ ቢሠራ፣ የሒሳብ ትምህርቱ በተዳፋቱ ልኬት፣ የፊዚክስ ትምህርቱ በውሃው ፍሰት፣ የታሪክ ትምህርቱም ከወላጆቻቸው እጅ በተወረሰው ዘዴ ይገለጻል። አዋጅ አያስፈልገውም፤ ዘማችም አይጠይቅም። ክረምቱ ወጥቶ በመስከረም ሜዳው ደርቆ ከተገኘ ሥራው ተሳክቷል ማለት ነው።