አቡጀዲ እና ያልጠየቅኳት ጥያቄ



አምና በጥቅምት፣ አሜሪካ ያለን ስድስት የባቻችን ልጆች ተሰባስበን ማሳቹሴትስ፣ ሎዌል ከተማ አንድ ቅዳሜ ዋልን። ቀን የቡት ጥጥ ፋብሪካ ሙዚየምን አየን፤ ማታ ሜሪማክ ሪፐርቶሪ ቲያትር ገባን።

አቡጀዲን ሁላችንም እናውቀዋለን። በአጼ ምኒልክ ዘመን አገራችን ይገባ የነበረው አቡጀዲ በአብዛኛው የአሜሪካ ነበር። ሮበርት ስኪነር በ1903 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ መጥቶ የንግድ ውል ሲዋዋል አንዱ ዓላማው ይህንኑ ገበያ መጠበቅ ነበር። የቡት ፋብሪካ ደግሞ በ1835 የተቋቋመ ነው። በዚያን ጊዜ ጥጡን የሚለቅሙት በደቡብ ያሉ ባሮች፣ የሚሸምኑት የገበሬ ሴቶች ልጆች ነበሩ። እነዚህ ልጆች በ1834 እና በ1836 ሥራ አቁመው ሰልፍ ወጥተዋል።

የሽመናው ክፍል በር ላይ የጆሮ መድፈኛ ይሰጣል። ከመኪኖቹ የሚሠሩት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ወለሉን ያንቀጠቅጡታል። ድሮ ሸማኔዎቹ ክሩን በመወርወሪያው ቀዳዳ በአፋቸው ስበው ያወጡት ነበር። አንዱን መወርወሪያ ብዙ ሰው ስለሚስበው የሳንባ ነቀርሳ ያስተላልፋል ተብሎ ስለተሰጋ፣ ማሳቹሴትስ በ1911 በሕግ ከለከለችው።

ስለ ጥጥ ብናኝ ሲወራ ግን አንድ ሰው ትዝ አሉኝ። ኢንተርን ሳለሁ አንድ ጎልማሳ «ደረቴን ያፍነኛል፣ ሰኞ ሰኞ ይብስብኛል» ብለው መጡ። አስም ብዬ ጽፌ፣ መድኃኒት ሰጥቼ ሸኘኋቸው። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በመጨረሻው ቀን ሲወጡ ኮታቸው ላይ የጥጥ ብናኝ አየሁ። ሰው ተሰልፎ ስለነበር አልጠየቅኳቸውም። ከእረፍት ቀን በኋላ የሚብሰውን የጥጥ ሠራተኞች የሳንባ ሕመም፣ ቢሲኖሲስን፣ እኮ ተምረነዋል! ለፈተናም አጥንቼው ነበር።

ቲያትር ቤቱ ያለው በ1922 ለጦር ዘማቾች መታሰቢያ በተሠራ አዳራሽ ውስጥ ነው። መብራቱ ሲጠፋ ከኋላችን አንድ ሰው ያስል ጀመር። እውነቱን ለመናገር፣ የቲያትሩን ግማሽ አልሰማሁትም። በእረፍቱ ሰዓት ታሪኩን ለጓደኛዬ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «እኔም እንደዚህ ዓይነት አንድ ሰው አሉኝ» አለችኝ።

መምህራኖቻችን ሆይ፤ ዛሬም ከባሕር ዳር፣ ከኮምቦልቻና ከሐዋሳ ፋብሪካዎች ሠራተኞች ወደ ተማሪዎቻችሁ ይመጣሉ። «ሕመሙ መቼ ጀመረዎት?» ከሚለው ጎን «ሥራዎ ምንድን ነው?» የሚለውንም አስጠይቁልን።